ራስን ስለ መመርመር

ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። ጎዳናው በአንድ ወገን ወደ ጎጃም አብያተ ጉባኤ፣ በሌላው ወገን ዓባይን አሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ያደርሳል። አኩፋዳውን ያነገተ ተማሪ ከዳሩ ቆሞ ስናይ፣ በየትኛው ይሂድ ብለን ከመፍረዳችን አስቀድሞ፣ የሚገፋው የራሱ ፈቃድ ነው ወይስ በባልንጀራው ሹመት የተነሣ ቅንዓት ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

የቅኔ ቤት ሥርዓት ለዚህ ምርመራ የተመቸ ነው። ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ በየደረጃው ይወጣል እንጂ አይዘልም። ብቻውን ቆጥሮ ያዘጋጀውንም በነገራ ጊዜ ለመምህሩ ያቀርባል፤ የተዋሰው እንደ ሆነ ይታወቅበታል። እኛም በተማሪነታችን ዘመን የሌላውን ቅኔ የራሳችን አስመስለን ነግረን በጓደኞቻችን ፊት አፍረናል። ያን ዕለት ያቃጠለን የቅኔው ጉድለት አልነበረም፤ መመስገንን መመኘታችን ነበር እንጂ።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረው ወደ አዲስ አበባ ተሻገሩ። ከጉባኤ ወጡ ቢባልም፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ የቅኔ ተማሪውን በዛብህን ስናገኝ፣ ትምህርቱ አብሯቸው እንደ ተሻገረ እናያለን። ተማሪ ሲለየው መምህር ማዘኑ ግን አይቀርም፤ እኛም አዝነናል።