የችግረኛው ምስክር ማን ነው? በአራዳና በፒያሳ የድኻ እርዳታ አስተዳደር ታሪክ

መግቢያ

ድርቅ የሚጀምረው በገጠር ነው፤ ፍጻሜው ግን ብዙ ጊዜ በከተማ አውራ ጎዳና ላይ ይታያል። እህሉ ያለቀበትና ከብቱ የሞተበት ገበሬ ቀዬውን ለቆ ሲወጣ ከሚደርስባቸው ስፍራዎች አንዱ የአዲስ አበባ እምብርት የሆነው የአራዳና የፒያሳ አካባቢ ነው። የዚህ ጥናት ዓላማ በዚያ አካባቢ ችግረኛን የመርዳት ኃላፊነት ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ መመርመርና በየዘመኑ ሳይመለስ የቆየውን አንድ ጥያቄ ማመልከት ነው። ይኸውም «ይህ ሰው የእኛ ነው፤ በእርግጥም ተቸግሯል» ብሎ ለድኻው የሚመሰክርለት ማን ነው? የሚለው ነው።

1. የቤተ መንግሥትና የደጀ ሰላም ዘመን

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ «ክፉ ቀን» እየተባለ የሚታወሰው የ1880ዎቹ መጀመሪያ ረኃብ ደረሰ። የከብት በሽታ የእርሻ በሬውን ፈጀ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የቤተ መንግሥቱን ጎተራ ለተራበው ከፈቱ፤ በሬ ላጣው ሕዝብ አርአያ ለመሆንም ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ይህ ታላቅ ቸርነት ነበር፤ ይሁን እንጂ ከንጉሡ ፈቃድ የመነጨ እንጂ በደንብ የተወሰነ መብት አልነበረም።

የአራዳ ነዳያን የዘወትር መጠጊያ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደጅና በአካባቢው ይቆም የነበረው ትልቅ ገበያ ነበሩ። ምጽዋት፣ ዝክርና ተዝካር የዕለት ረኃብ ቢያስታግሱም በዓልና ቀን ጠብቀው የሚመጡ በመሆናቸው ቋሚ ቀለብ ሊሆኑ አልቻሉም። በኋላ የተስፋፋው ዕድር ጎረቤትን ከጎረቤት በመዝገብ አስተሳሰረ። ነገር ግን ወርኃዊ መዋጮ ለመክፈል የማይችለውን ድኻና ከገጠር ገና የደረሰውን እንግዳ ለማቀፍ አቅሙ ውስን ነበር።

2. የሕግና የማዘጋጃ ቤት ዘመን

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የማዘጋጃ ቤቶችን ሥልጣን በሕግ ወሰነ። ዛሬም በፒያሳ አናት ላይ የሚታየው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ በ1950ዎቹ ተሠራ። በዚሁ ጊዜ ሕጉ ድኻውን በሁለት ዓይን ይመለከተው ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥራ ፈትቶ መንከራተትን የሚያስቀጣ ድንጋጌ ነበረው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከ807ኛው አንቀጽ ጀምሮ ለተቸገረ ዘመድ ቀለብ የመስጠትን ግዴታ በዘመዶቹ ላይ ጣለ።

ይህ አሠራር በደኅና ዘመን ያስኬድ ይሆናል። ድርቅ ግን ለጋሹንም ተቀባዩንም ዘመድ በአንድ ዓመት ያደኸያል። የ1965 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ ይህንኑ በግልጽ አሳየ፤ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሊቋቋም የቻለውም በዚሁ መዘዝ ነው።

3. የቀበሌ ዘመን

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አድርጎ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። በዚህም የተነሣ በፒያሳ ጀርባ ባሉት ጠባብ መንደሮች ብዙ ድኾች በአነስተኛ ኪራይ በመሐል ከተማ ለመኖር ቻሉ። ቀበሌው ቤተሰብ ይመዘግብ፣ መታወቂያ ይሰጥ፣ በኅብረት ሱቅ እህልና ስኳር ያከፋፍል፣ ለችግረኛው የነፃ ሕክምና ማስረጃ ይጽፍ ነበር።

እርዳታ ሰጪው ለችግረኛው ይህን ያህል ቀርቦ አያውቅም ነበር። ሆኖም ያው መዝገብ ለቁጥጥርና ለውትድርና ምልመላም ዋለ። መታወቂያ የሌለውም ሰው ከእርዳታው ውጭ ቀረ። ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። እንግሊዝ በ1601 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የድኾች ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ ድኾቹን እንዲረዳ አዘዘች፤ በ1662 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ግን ከሌላ አጥቢያ የመጣው ድኻ ወደ መጣበት እንዲመለስ ፈቀደ። በመዝገብ የሚሰጥ እርዳታ ያልተመዘገበውን የመርሳት ባሕርይ አለው።

4. የዛሬው ፈተና

በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ተጠቃሚዎችን የሚመለምለው ነዋሪዎች በሚገኙባቸው የአካባቢ ኮሚቴዎች አማካይነት ነው። መሥራት የሚችለው በአካባቢ ልማት ሠርቶ ይከፈለዋል፤ አረጋዊውና አካል ጉዳተኛው ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። የሥርዓቱ መሠረት እንግዲህ ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ ያለው ዕውቀት ነው።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ የቆዩ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ የከተማ ዳርቻዎች ተዛወሩ። አዲሱ ቤት ከአሮጌው የተሻለ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ባለሱቁ በዱቤ ያበድራቸው የነበሩ፣ እንጀራ ጋግረው ለጎረቤት ይሸጡ የነበሩ አንዲት አሮጊት ከቤቱ ጋር ምስክራቸውንም ያጣሉ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሕዝብ በሰፈራ ሲንቀሳቀስም ትምህርቱ ይኸው ነበር፤ ቤትና መሬት ተቆጥሮ ይሰጣል፤ ጎረቤት ግን ተቆጥሮ አይሰጥም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለእርዳታና ለሰፈራ ሠራተኛ ሦስት ነጥቦች ይገኛሉ።

ሀ) የችግረኛው ማኅደር ከሰውየው ቀድሞ፣ ቢዘገይም ከእርሱ ጋር፣ ወደ አዲሱ ወረዳ ይድረስ።

ለ) በሚቻል ሁሉ የአንድ ዕድር አባላት በአንድ ስፍራ ይስፈሩ፤ ዕድሩም መዝገቡን ይዞ ይዛወር።

ሐ) ድርቅ ያፈናቀለው ሰው መታወቂያ ባይኖረውም ጊዜያዊ ምስክር ይመደብለት። የጠፋበት ወረቀት ብቻ ሳይሆን የሚያውቀው ሰው ጭምር ነውና።