ብዕሩ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት



ከዒድ በኋላ በነበረን ደርስ አንዲት ታዳጊ በጓደኛዋ በኩል የታጠፈ ወረቀት ላከችልኝ። እንዲህ ይላል፦ «ኡስታዝ፣ የመጀመሪያ የወር አበባዬ የመጣው በረመዷን ውስጥ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ሁሉም ሲጾም እኔ ብበላ ያውቁብኛል ብዬ ጾምኩ። ከእናቴ ጎን ቆሜም ሰገድኩ። ወንጀሌ ይማርልኛል ወይ?»

ወረቀቱን ሳነብ የራሴ ልጅነት ትዝ አለኝ። በመድረሳ ሰፊነቱ ነጃን በቃሌ የያዝኩት ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው። ኪታቧ ገና ከመግቢያዋ ሳትርቅ የባሊግነት ምልክቶችን ሦስት ብላ ትዘረዝራለች። ሦስቱንም በዐረብኛ ሳልሳሳት እቆጥራቸው ነበር። ሲመጡብኝ ግን አላወቅኳቸውም። አንድ ማለዳ ልብሴ ረጥቦ ነቃሁ፤ የታመምኩ መሰለኝ። ለማንም ሳልናገር፣ ጉስል ሳላደርግ ለሳምንታት ሰገድኩ። ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሆርሞኖቹን ስም ተማርኩ። ሁለቱ እውቀቶች ተገናኝተው የደረሱኝ ከሚያስፈልጉኝ ጊዜ በጣም ዘግይተው ነው። ዛሬ አንድ ላይ ላስቀምጥላችሁ።

ከየት ጀመርን?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሙእሚኑን የሰውን አፈጣጠር ደረጃ በደረጃ ይነግረናል፦ ከጭቃ፣ ከዚያም ኑጥፋ (የፍትወት ጠብታ)፣ ዐለቃ፣ ሙድጋ፣ አጥንት፣ ሥጋ፣ ከዚያም ሌላ ፍጥረት። በሱረቱል ሐጅ ደግሞ በማኅፀን አይቆምም፤ ሕፃን ሆነን መውጣታችንንና ለጥንካሬ ዕድሜ መድረሳችንን አብሮ ያነሳል። ማኅፀንና ጉርምስና የአንድ መንገድ ሁለት ጣቢያዎች ናቸው።

የእናት እንቁላል ስፋቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። 23 ክሮሞዞም ትይዛለች፤ ከአባት ዘር የሚመጣው 23 ሲጨመር 46 ይሆናል። ልጁ ወንድ ወይም ሴት እንዲሆን መነሻው ከአባት በኩል የሚመጣው ክሮሞዞም ነው። ሴት ልጅ ብቻ ወለደች ተብላ የምትወቀስ እናት ካለች ይህን ንገሩላት።

በአራተኛው ሳምንት ልብ መምታት ይጀምራል። ሰባተኛው ሳምንት አካባቢ የወንዱ ዘር ፍሬ መለየት ይጀምርና ቴስቶስትሮን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል። በሴቷ ጽንስ ውስጥ ደግሞ እንቁላሎቿ ሳትወለድ በፊት ይዘጋጃሉ። አስቡት፦ እናንተ የተገኛችሁባት እንቁላል እናታችሁ ገና በአያታችሁ ማኅፀን ሳለች ነበረች። ሱብሓነላህ!

ዝምታውና መንቃቱ

ከተወለድን በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት እነዚህ ሆርሞኖች ለአጭር ጊዜ ከፍ ይላሉ። ከዚያ ለዓመታት ዝም ይላሉ። ልጅ ይሮጣል፣ ይጫወታል፣ ቁርኣን ይቀራል፤ ሥርዓቱ ግን ተኝቷል።

ጊዜው ሲደርስ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል በየተወሰነ ሰዓት ምልክት መላክ ይጀምራል፤ መጀመሪያ በተለይ ሌሊት፣ በእንቅልፍ ሰዓት። ምልክቱን የምትቀበለው ፒቱታሪ የምትባል የሽምብራ ፍሬ የምታክል ዕጢ ናት። እሷም በወንድ ላይ የዘር ፍሬውን፣ በሴት ላይ እንቁላል የሚመረትበትን ክፍል ታዛለች። ቴስቶስትሮንና ኢስትሮጅን ሲጨምሩ ቁመት ይመዘዛል፣ ድምፅ ይጎረንናል፣ ጡት ያጎጠጉጣል፣ ብጉር ይወጣል፣ ስሜት ይለዋወጣል።

ለውጡ በብዛት በሴቶች ከ8 እስከ 13፣ በወንዶች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። የወር አበባ የሚመጣው ጡት ማጎጥጎጥ ከጀመረ ከ2 እስከ 3 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቀኑ ቢዛባ አትደንግጡ። ለውጡ ከዚህ ዕድሜ በጣም ከቀደመ ወይም ከዘገየ ሐኪም ማማከር ተገቢ ነው።

ሸሪዓው ምን ይላል?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ባሊግ እስኪሆን ድረስ ብዕር ከእርሱ ላይ የተነሳ መሆኑን አስተምረውናል። ባሊግ ሲሆን ሰላቱም፣ ጾሙም፣ ወንጀሉም በስሙ መጻፍ ይጀምራል። ሰፊናው የሚቆጥራቸው ሦስቱ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

1. ኢሕቲላም፦ በእንቅልፍ የዘር ፈሳሽ መውጣት። በወንድም በሴትም ላይ ይደርሳል። ወንጀል አይደለም፤ በረመዷን ቀን ቢሆንም ጾም አያበላሽም። ግዴታው ጉስል ነው፦ መነየትና ፀጉርን ጨምሮ ውሃን መላ ሰውነት ላይ ማዳረስ።

2. ሐይድ፦ የወር አበባ። በዚህ ጊዜ ሰላትም ጾምም የለም። ደሙ ሲቆም ጉስል ይደረጋል። ያለፈው ጾም ቀዷ ይወጣል፤ ሰላቱ ግን ቀዷ የለበትም።

3. ሁለቱም ካልታዩ 15 ዓመት መሙላት። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በ14 ዓመታቸው ለኡሑድ ዘመቻ ቀርበው አልተፈቀደላቸውም፤ በ15 ዓመታቸው ለኸንደቅ ግን ተፈቅዶላቸዋል። ልብ በሉ፦ ቆጠራው በጨረቃ ዓመት ነው። በምንጠቀምበት ካሌንደር 14 ዓመት ከ6 ወር ተኩል ገደማ ይሆናል። ብዙዎች ይህን ባለማወቅ ወራት ያሳልፋሉ።

የድምፅ መጎርነን ወይም ብጉር ብቻውን ባሊግ አያደርግም። ባሊግ መሆንም በሁሉ ነገር መብሰል ማለት አይደለም። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ የየቲሞች ገንዘብ እንዲሰጣቸው ሲያዝ ዕድሜያቸው መድረሱን ብቻ ሳይሆን ሩሽድ (ቅን አስተዋይነት) እንዲታይባቸው ይጠይቃል። የሕክምና ሳይንስም ስሜትን የሚገታውና ውጤትን የሚያመዛዝነው የአንጎል ክፍል ከሃያ ዓመት በኋላም እድገቱን እንደሚቀጥል ያስረዳል። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ቁመቱ ስለበለጣችሁ ብቻ ምክራችሁ አያስፈልገውም ማለት አይደለም።

ሐያእ ከመጠየቅ አይከለክልም

ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው ሴት በእንቅልፏ ኢሕቲላም ቢያጋጥማት ጉስል አለባት ወይ ብለው ጠየቁ። እርሳቸውም አልተቆጡም፣ አላሳፈሯቸውም፤ ፈሳሹን ካየች አዎን አሏቸው። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ሲያወድሱ ሐያእ ዲናቸውን ከመማር እንዳላገዳቸው መስክረዋል። ሐያእ ገላን ይሸፍናል እንጂ እውቀትን አይሸፍንም።

ወረቀት ለላክሽልኝ እህቴ መልሴ ይህ ነው፦ ባለማወቅ ያደረግሽውን አላህ እንደሚምርሽ ተስፋ አለን፤ ኢስቲግፋር አብዢ። ደም እያየሽ የጾምሻቸው ቀናት አይቆጠሩልሽም፤ ቁጥራቸውን አስታውሰሽ ከሚቀጥለው ረመዷን በፊት ቀዷ አውጪ። የሰገድሽውን ሰላት መመለስ የለብሽም። ሰውነትሽ አልቆሸሸም፣ አልተበላሸም፤ በአላህ ትእዛዝ ሰዓቱን ጠብቆ ነቃ እንጂ። አንድ ነገር ብቻ ጨምሪ፦ ዛሬ ማታ ለእናትሽ ንገሪያት። ምናልባት እሷም በዕድሜሽ ሳለች የሚነግራት አልነበራት ይሆናል።

እናንተም ታናሽ እህት ወይም ወንድም ያላችሁ፣ 8 ወይም 9 ዓመት ከሞላቸው ጊዜው አሁን ነው። እህት ለእህቷ፣ ወንድም ለወንድሙ፣ በእርጋታ፣ በሁለት ደቂቃ፦ «እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል፤ ሲመጣ አትፍራ፤ ጉስል እንዲህ ነው።» ብዕሩ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት እውቀቱ ይድረሳቸው።

አላህ ጠቃሚ እውቀትን ይለግሰን፤ ትውልዳችንን ይጠብቅልን። በዚህ የጁሙዓ ቀን በነቢያችን ላይ ሰለዋት ማውረድን አንርሳ።

ወላሁ አዕለም።