የማገዶ ቁጠባና የጭስ ደኅንነት፦ በመቀሌ ዓይደር የቤት ውስጥ የእንጨት ምድጃ አነዳድና አያያዝ

መግቢያ

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ኅዳር 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በትግራይ የኤሌክትሪክና የነዳጅ አቅርቦት በተደጋጋሚና ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። መቀሌ ከብሔራዊው የኃይል መረብ ጋር ዳግም የተገናኘችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። በእነዚያ ወራት በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር የለመዱ የከተማ ቤተሰቦች ወደ እንጨትና ወደ ከሰል ተመለሱ። እንደ ዓይደር ባለ የከተማ ሰፈር ደግሞ እንጨት የሚነድበት ሁኔታ ከገጠሩ ይለያል። ግቢው ይጠባል፤ ማብሰያውም ብዙ ጊዜ ከመኝታው የሚለየው በአንድ ግድግዳ ብቻ ነው።

ማገዶ ሲወደድ የቤተሰቡ ሐሳብ ሁሉ በቁጠባ ላይ ማረፉ የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ማገዶ መቆጠብና ከጭስ መዳን አንድ ነገር አይደሉም። አንዱ ሌላውን የሚያግዝበት ጊዜ አለ፤ አንዱ ሌላውን የሚጎዳበትም ጊዜ አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ የሚገጥሙበትንና የሚለያዩበትን ቦታ ለይቶ ማሳየት ነው።

ጭስ ያልነደደ ማገዶ ስለ መሆኑ

እንጨት እሳት ሲነካው በመጀመሪያ በውስጡ ያለው ውሃ ይተናል። ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ እንጨቱ ራሱ እየተበተነ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ከደረቅ እንጨት ክብደት ሦስት አራተኛው ያህል በዚህ መንገድ ወደ ጋዝነት ይለወጣል፤ የቀረው ፍም ይሆናል። ነበልባል የሚባለውም ይኸው ጋዝ በበቂ አየርና በበቂ ሙቀት ሲቃጠል የሚታየው ብርሃን ነው። አየር ካነሰው ወይም ከቀዘቀዘ ጋዙ ሳይቃጠል ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከምድጃው ላይ የሚታየው ጥቁር ወይም ነጭ ጭስ ገንዘብ የወጣበት፣ ነገር ግን ሙቀት ሳይሰጥ የጠፋ ማገዶ ነው።

ይህን የሚያባብሰው ዋነኛው ምክንያት እርጥበት ነው። በስሌት ሲታይ፣ ከክብደቱ 20 በመቶ ውሃ የያዘ 5 ኪሎ ግራም እንጨት 4 ኪሎ ደረቅ እንጨትና 1 ኪሎ ውሃ ነው። የደረቅ እንጨት ሙቀት በኪሎ 18 ሜጋጁል፣ ውሃን ለማትነን የሚያስፈልገው ደግሞ በኪሎ 2.4 ሜጋጁል ያህል ቢያዝ፣ የሚቀረው ሙቀት 70 ሜጋጁል ገደማ ይሆናል። የውሃው መጠን 40 በመቶ ከሆነ ግን በዚያው 5 ኪሎ ውስጥ የሚገኘው 49 ሜጋጁል ብቻ ነው። በኪሎ የሚገዛ ሰው በእርጥቡ እንጨት ላይ ከሩብ በላይ የሚሆነውን ሙቀት ያጣል፤ ለውሃ ይከፍልና ውሃውን ለማትነን ዳግም ማገዶ ያነዳል።

ደረቅ እንጨት ጫፉ ላይ ይሰነጣጠቃል፤ ቅርፊቱ በቀላሉ ይላቀቃል፤ እርስ በርሱ ሲጋጭ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እርጥቡ ሲነድ ይንጫጫል፤ ጫፉም አረፋ ያወጣል። የመቀሌ ዋናው ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ስለሚወርድ፣ ማገዶን ከመስከረም በኋላ ገዝቶ በበጋው ማድረቅ ይቻላል። ባሕር ዛፍ ቀድሞ ሊፈለጥ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ሊደረደር፣ ከላይ ሊከደንና ጎኑ ለነፋስ ክፍት ሊሆን ይገባል። ያልተፈለጠ ግንድ በቅርፊቱ ተሸፍኖ ውሃውን ለረጅም ጊዜ ይይዛል።

አየርና ከፍታ

መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ያው እንጨት በደንብ እንዲነድ የበለጠ መጠን ያለው አየር ወደ ምድጃው መግባት አለበት ማለት ነው። የጭስ ማውጫ ስበትም በዚያው ልክ ይደክማል። የውጭው አየር 20 ዲግሪ፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ጭስ 150 ዲግሪ ቢሆን፣ 3 ሜትር ቁመት ያለው ቱቦ በባሕር ዳርቻ ወደ 11 ፓስካል፣ በመቀሌ ግን ወደ 8 ፓስካል የሚጠጋ ስበት ይኖረዋል። ስለዚህ በቆላ የሚበቃ አጭር ቱቦ እዚህ ጭሱን ወደ ቤት ሊመልስ ይችላል። ቱቦው ከጣሪያው ጫፍ በላይ ከፍ ማለት፣ መታጠፊያው ማነስ፣ ጥቀርሻውም በየጊዜው መጠረግ አለበት።

አየር ሲበዛም ጉዳት አለው፤ ትርፉ አየር ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። መፍትሔው አፉን መድፈን ሳይሆን ቀጫጭን ፍልጥ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ መጨመርና የሥሩን አመድ ጠርጎ አየሩ ከፍሙ በታች እንዲገባ ማድረግ ነው። እሳቱ እንዲቆይ በማሰብ አፉን ማፈን ማገዶውን ወደ ጭስ ይለውጠዋል።

ቆጣቢው ምድጃና ገደቡ

በትግራይ ምጣድን ዙሪያውን በጭቃ ዘግቶ ማንደድ የቆየ ልማድ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀይ አሽ የሚቀረጸው «ምርጥ» ምድጃም በዚሁ መርህ ይሠራል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ እንደሚቀንስ ይገለጻል። ቁጠባው በአጋገር ሥርዓትም ይደገፋል። ወፍራም የሸክላ ምጣድ እስኪሞቅ ብዙ ማገዶ ስለሚወስድ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር በአንድ ጊዜ አብዝቶ መጋገር ይሻላል። ሁለት ጎረቤታሞች ተራ ገብተው በአንድ ምጣድ ቢጋግሩ የማሞቂያውን ማገዶ ይጋሩታል።

ነገር ግን እሳትን መክበብ ጭስን ከቤት ማውጣት አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ሕፃናት ላይ የታችኛው የመተንፈሻ አካል ሕመም ጉልህ ቅናሽ አላሳየም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የጓቲማላ ጥናትም የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ተጋላጭነትን በግማሽ ያህል ቢቀንስም፣ በሐኪም የተለየውን የሳንባ ምች ጠቅላላ ቁጥር በማያሻማ ሁኔታ አልቀነሰም፤ ጎልቶ የቀነሰው ከባዱ ዓይነት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል። ከእነዚህ የሚገኘው ትምህርት ምድጃውን መጣል ሳይሆን፣ ከምድጃው ጋር ደረቅ ማገዶ፣ የጭስ ማውጫና ትይዩ መስኮቶች አብረው እንዲታሰቡ፣ ሕፃናትም በመጋገሪያው ሰዓት ከክፍሉ እንዲርቁ ማድረግ ነው።

ጭስ የሌለው አደጋ

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ የሚመጣው ጭሱ ከጠፋ በኋላ ነው። ፍምና ከሰል ያለ ነበልባል ሲግሙ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣሉ። ይህ ጋዝ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። አየሩ በሳሳበት ደጋ ኦክስጅኑ አስቀድሞ ያነሰ በመሆኑ ጉዳቱ ይፈጥናል። ምጣዱ ካበቃ በኋላ ፍሙን በማንደጃ ሞልቶ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ማገዶ የቆጠበ ይመስላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ በተዘጋ ቤት ውስጥ ግን ሕይወት ያስከፍላል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድብታ በአንድ ቤት ሰዎች ላይ አብረው ከታዩ፣ ፈጥኖ ሁሉንም ወደ ውጭ ማውጣትና ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል፤ ለሰፈሩ ነዋሪ ቅርቡ የዓይደር ሆስፒታል ነው። ተኝቶ ይለፍለት ማለት አይቻልም።

ሌሎቹ ጥንቃቄዎችም ከዚሁ ጋር የሚሄዱ ናቸው። እሳት ለማያያዝ ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን ማርከፍከፍ አይገባም። ውሃ የሰረገበት ድንጋይ በድንገት ሲሞቅ ሊሰነጠቅና ሊፈናጠር ስለሚችል፣ ለጉልቻም ሆነ ለምድጃ ግድግዳ ደረቁን መርጦ ውስጡን በጭቃ መለሰን ያስፈልጋል። አመድ ፍሙን ሸፍኖ ለሰዓታት ስለሚያቆይ በብረት ዕቃ ተከድኖ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። የነጠላ ጫፍ ይሰብሰብ፤ ዳዴ የሚል ሕፃን ወደ ምድጃው እንዳይደርስ ይከለል።

ማጠቃለያ

የኤሌክትሪክ ኃይል ቢመለስም በተቋረጠ ቁጥር ምድጃው ዳግም ይነዳል። ስለሆነም የቤተሰቡ መለኪያ ስንት ፍልጥ ተረፈ የሚለው ብቻ ሊሆን አይችልም። ማገዶን በማድረቅ፣ በመፍለጥና ሙቀቱን በመክበብ የሚገኘው ቁጠባ እውነተኛ ነው፤ አየርን በማፈንና ፍምን ወደ መኝታ በማስገባት የሚገኘው ግን ሒሳቡ በሳንባና በደም የሚከፈል ነው። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ቤተሰብ በአነስተኛ ወጪ ሁለቱንም ሊጠብቅ ይችላል፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አዲስ ምድጃ ሳይሆን የደረቀ ፍልጥና የተከፈተ መስኮት ነውና።