ለልጅ የሚገባውን ትርኢት ስለ መመርመር

ወላጅ የሆንህ አንባቢ ሆይ፥ ልጅህ በሲኒማ ቤት ወይም በቴሌቪዥን የሚያየውን በምን ትመዝነዋለህ?

አንዳንድ ሰው ሁሉን ይከለክላል። በአዲስ አበባ መጀመሪያ የተከፈተውንም ሲኒማ ቤት ሕዝቡ የሰይጣን ቤት ብሎት ነበር። ነገር ግን የተከለከለው ልጅ ከጎረቤት ሄዶ ያያል፥ ያየውንም ለአባቱ አይናገርም።

ሌላው ደግሞ በፊልሙ ላይ በተጻፈው ምልክት ይታመናል። በአሜሪካ አገር በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ፊልም ለየትኛው ዕድሜ እንደሚገባ በፊደል ይመለከታል። በ1984 ዓ.ም. በወጡ ፊልሞች ትንንሾቹ ደነገጡ ብለው ወላጆች ስላጕረመረሙ፥ በዚያው ዓመት «ፒ ጂ 13» የሚባለው ተጨመረ። ይህም ልጁን ከደጅ አይመልሰውም፤ ከ13 ዓመት በታች ላለው ልጅ ወላጁ አጥብቆ እንዲጠነቀቅ ያሳስባል እንጂ። እንግዲህ ምልክቱ ራሱ ፍርዱን ወደ አንተ ይመልሰዋል።

መርማሪዎቹ ደሙን፥ ስድቡን፥ ዕራቍትነቱን ይመለከታሉ፤ ይህም ይጠቅማል። ሐሰተኛው እንደ ተመሰገነ፥ አባት በልጆቹ ፊት መሳቂያ እንደ ሆነ ግን ፊደሉ አይነግርህም።

ክፉ ሥራ በትርኢቱ መገኘቱ ብቻውን አያስነቅፈውም። መጽሐፍ ቅዱስም ዳዊት በቤርሳቤህ የሠራውን፥ የኦርዮንንም መገደል አልሸሸገም፤ ነገር ግን በኋላ የመጣውን ልቅሶ አብሮ ይነግረናል። ስለዚህ እንዲህ ብለህ መርምር፤ በዚህ ፊልም ክፋት ጣፍጦ ብቻ ያልፋልን? ልጄ እንዲወደው የተደረገውስ ሰው ማን ነው?

ዕድሜውንም አስብ። ሕፃን ለጨዋታ የተሠራውን ከእውነተኛው አይለይም፤ በሌሊት ፈርቶ ሲነሣ «ውሸት ነው» ብትለው አይጽናናም።

ቢቻልህ አስቀድመህ ብቻህን እየው፤ ባይቻልህ ከልጁ ጋር ተቀመጥ። ጥቂት ለማረፍ ብለን ልጁን ከቴሌቪዥኑ ፊት ትተን መሄድ (ይህንንስ ያላደረገ ወላጅ ማን ነው?) ሳያውቁት ሞግዚት እንደ መቅጠር ነው። ከተፈጸመም በኋላ «ከሁሉ ማንን ወደድህ? ስለ ምን?» ብለህ ጠይቀው። «ሌባውን፥ ብርቱ ነውና» ቢልህ አትቈጣው፤ ሁለተኛ እውነቱን አይነግርህምና። ይልቁንስ የተሰረቀው ባለቤት በማግሥቱ ምን እንደሚሆን እርሱ ራሱ እንዲነግርህ አድርግ፥ አንተም ታግሠህ ስማው።