ስለ ኮሶ ዛፍ ዘርና አበቃቀል

በሥነ ፍጥረት ትምህርት እንደ ተማርነው፣ እግዚአብሔር በዕለተ ማክሰኞ ምድርን ሦስት ወገን ፍጥረት እንድታስገኝ አዘዛት፤ እነርሱም በእጅ የሚለቀሙ አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕት፣ በምሳር የሚቈረጡ ዕፀው ናቸው። ሦስቱንም ዘራቸውን ከእነርሱ ጋራ አድርጎ ፈጠራቸው። ስለዚህ ከዕፅ ጥቅም የሚሻ ሰው የዘሩን ነገር ሊዘነጋ አይገባውም። ይህንንም በኮሶ ዛፍ አብነት እናስረዳለን።

ኮሶ ከፍታው ከ2,400 እስከ 3,200 ሜትር ገደማ በሆነ ደጋ የሚበቅል የአገራችን ዛፍ ነው። ቁመቱ እስከ 20 ሜትር ይደርሳል፤ ቅርፊቱ ቀላ ያለና እየተላጠ የሚወድቅ ነው፤ አበባውም በትልልቅ ዘለላ ይንዠረገጋል። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ በየዛፋቸው ናቸው። የሴቴዪቱ አበባ ወደ ቀይ ያደላል፤ የወንዴው ግን ፈዘዝ ይላል። ሴቴዪቱ በአቅራቢያዋ ወንዴ ካላገኘች የሚበቅል ዘር አትሰጥም።

አባቶቻችን ለሆድ ትል ይጠጡት የነበረው የሴቴዪቱን አበባ ነው። በሽታው ራሱ በመድኃኒቱ ስም ኮሶ እስኪባል ድረስ የታወቀ ነበረ። የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስም እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚህ ዛፍ ጽፏል። ይሁን እንጂ ልኩን አልፎ የተጠጣ ኮሶ ዐይን እስከማጥፋትና እስከመግደል ይደርሳል፤ ነፍሰ ጡርንም ይጎዳል። ዛሬ በሐኪም ታዝዞ የሚሰጥ ጕዳቱ ያነሰ መድኃኒት ስላለ፣ ትል የያዘው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ እንጂ ኮሶ ይጠጣ ብለን አናስተምርም። ነገራችን ስለ ዛፉ ነው።

ለመድኃኒት የሚፈለገው አበባ የሚቈረጠው ዘሩ ሳይበስል ነው። እንግዲህ አበባዋ ሁሉ በየዓመቱ የሚለቀምባት ሴቴ ኮሶ ሰውን ስትፈውስ ኖራ ያለ ልጅ ትሞታለች ማለት ነው። ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ከምናገለግልበት ደብር ቅጥር ውስጥ አንዲት ያረጀች ኮሶ ነበረች። ከቅርብም ከሩቅም የመጣው ሁሉ አበባዋን ይወስድ ነበር፤ እኛም በበጎ አድራጎት ቈጥረን ቅርንጫፉን በእጃችን እናወርድለት ነበር። አንድ ክረምት ነፋስ ጣላት። ከሥሯ ቡቃያ ብንፈልግ አንድ እንኳ አጣን። ዛፍ ቈራጭ አልመጣብንም፤ ጥፋቱ የራሳችን ነበረ።

ከዚህ በኋላ ዘር ከሌላ ደብር አምጥተን እንደ ገብስ አርሰን ቀበርነው፤ አንድም አልበቀለም። ቀጥሎ የተማርነውን ለአንባብያን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ዘለላው በዛፉ ላይ ቡናማ ሆኖ እስኪደርቅ መታገሥ ይገባል። ኮሶ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያብባል፤ ዘሩም ከዚያ ተከታትሎ ይደርሳል። የደረሰውን ዘለላ በጥላ አድርቆ በእጅ ማሸትና በወንፊት መንፋት ነው። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ አንዱ ኪሎ ከ400,000 እስከ 500,000 ፍሬ ይይዛል።

ሁለተኛ፣ ዘሩ ሳይሰነብት ይዘራ፤ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ከቈየ የማብቀል ኀይሉ ይደክማልና። ከተዘራውም ግማሽ ያህሉ ቢበቅል መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ የደን አፈር፣ የበሰበሰ ፍግና አሸዋ ተቀላቅሎ መደብ ይዘጋጅ። ዘሩ ከደቃቅ አሸዋ ጋራ ተደባልቆ በላዩ ይበተን፤ አፈሩም ዘሩን ለመሸፈን ያህል ብቻ በስሱ ይነስነስበት። የእኛ ገብስ አዘራር የከሸፈው በዚህ ነው፤ ደቃቅ ዘር ከጥልቅ መውጣት አይችልም።

አራተኛ፣ መደቡ በዳስ ጥላ ሥር ሆኖ ጧትና ማታ በወንፊታም ማጠጫ ቀስ ብሎ ይጠጣ፤ ውሃው ከበረታ ዘሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ቡቃያው ከ2 እስከ 5 ሳምንት ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። ጥቂት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ችግኝ ላስቲክ ይዛወር፤ ጥላውም ፀሓይ እስኪለምድ ድረስ ቀስ በቀስ ይቀነስለት።

አምስተኛ፣ የጠነከረው ችግኝ በክረምት መግቢያ ይተከል፤ ያልደረሰው ለከርሞ ይቈይ። ችግኝ ወንዴ ይሁን ሴቴ እስኪያብብ ድረስ አይለይም። ስለዚህ አንድ ብቻ አይተከል፤ በአንድ ስፍራ 5 ወይም 6 ይተከል እንጂ። ከብትም እንዳይደርስበት ይታጠር።

ምናልባት፣ «ዛሬ ኮሶ የሚጠጣ ጥቂት ነው፤ ስለ ምን እንደክማለን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ኮሶ ግን ለደጋው አፈር ጥላና ልብስ ነው፤ እንጨቱም ለቤት ዕቃ ተፈላጊ ስለ ሆነ ብዙው ተቈርጦ አልቋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋራ ቈጥሮ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጥ ከልክሎ ነበር። ነገር ግን አዋጅ ምሳርን ይከለክላል እንጂ ዘር አይዘራም። በብዙ ደጋ ኮረብታው ሲራቈት ዛፉ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነውና፣ የዘሩም አደራ በቅጥሩ ጠባቂዎች ላይ ነው።

ስለዚህ በቅጥራችሁ ኮሶ ያላችሁ ካህናትና ምእመናን ሆይ፣ አበባ ፈላጊ ቢመጣ ከላይ ያለው ዘለላ ለዘር እንዲቀር አድርጉ። እኛ ከተከልናቸው ስድስት ችግኞች አራቱ ጸድቀዋል፤ ገና አላበቡምና የትኛዪቱ ሴቴ እንደ ሆነች አናውቅም። ዘሯን ለመልቀም እኛ ባንደርስ፣ የሚተካን ይደርሳል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።