የውሃ ዋስትና ልኬት፦ ከአገር አቀፍ አማካይ እስከ ኮልፌ ቀራኒዮ ቧንቧ

የአንድን አገር የውሃ ዋስትና ለመመዘን በስፋት ከሚያገለግሉ አመላካቾች አንዱ፣ ስዊድናዊቷ የሃይድሮሎጂ ምሁር ማሊን ፋልከንማርክ እ.ኤ.አ. በ1989 ያስተዋወቁት የነፍስ ወከፍ ስሌት ነው። በዚህ ስሌት መሠረት ዓመታዊ ታዳሽ ውሃው ለአንድ ሰው ከ1,700 ሜትር ኩብ በታች የሆነ አገር በውሃ ጫና፣ ከ1,000 በታች የሆነ በውሃ እጥረት፣ ከ500 በታች የሆነ ደግሞ በፍጹም እጥረት ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል። የኢትዮጵያ ዓመታዊ የገጸ ምድር ውሃ 122 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ይህ መጠን ለ120 ሚሊዮን ሕዝብ ሲካፈል የአንድ ሰው ድርሻ 1,017 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል፤ አገሪቱም በእጥረት ደፍ ላይ ትገኛለች።

ይሁን እንጂ አማካዩ የውሃውን ስርጭትም ሆነ ጥራት አያሳይም። ከገጸ ምድር ውሃው አብዛኛው የሚፈሰው እንደ ዓባይ፣ ባሮ አኮቦና ኦሞ ጊቤ ባሉ የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ተፋሰሶች ሲሆን፣ አዲስ አበባ ግን በላይኛው አዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ትገኛለች።

በከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ለዚህ ማሳያ ነው። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ያለው የገፈርሳ ግድብ የተሠራው በትንሹ አቃቂ ወንዝ የላይኛው ክፍል ላይ ነው። ወንዙ ከግድቡ በታች ምዕራባዊ አዲስ አበባን ሲያቋርጥ የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀበላል። የነፍስ ወከፍ ስሌቱ ግን የተበከለውን ውሃ ከንጹሑ ሳይለይ በአንድነት ይደምራል። በሌላ በኩል ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ሰፈር፣ ቧንቧ ያለው ቤተሰብም ሮቶና ጄሪካን ሞልቶ ቀጣዩን ተራ ለመጠበቅ ይገደዳል።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ የሚጠቀሙበት መመዘኛ ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል። አንድ ቤተሰብ በዚህ መመዘኛ ከፍተኛውን ደረጃ የሚያገኘው ውሃው በግቢው ውስጥ ሲገኝ፣ በሚፈለግበት ጊዜ ሲኖርና ከብክለት ነጻ ሲሆን ነው። ግቢ ውስጥ ቧንቧ መኖሩ ብቻ ከተመዘገበ ግን፣ በፈረቃ የሚጠብቀው ቤተሰብ ሙሉ አገልግሎት እንዳገኘ ተቆጥሮ ችግሩ ከዕቅድና ከበጀት ውጭ ይቀራል።

ስለዚህ አገር አቀፉ ስሌት ከሦስት አካባቢያዊ አመላካቾች ጋር መነበብ ይኖርበታል። እነዚህም በየወረዳው ውሃ የሚለቀቅባቸው ሳምንታዊ ሰዓታት፣ በቧንቧና በማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው የቀሪ ክሎሪን መጠን፣ እንዲሁም በወንዙ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን መጠን ናቸው። የመጀመሪያው አቅርቦትን፣ ሁለተኛው የመጠጥ ውሃን ደኅንነት፣ ሦስተኛው የወንዙን ጤንነት ይለካሉ።