የሙያ ጥሪን ፍለጋ፦ ከሐኪሙ ደራሲ የተማርኩት



የምኖረው ኤመሪቪል ነው። ወደ ትምህርት ስሄድ በፒክሳር ፊልም ኩባንያ አጠገብ አልፋለሁ። ከአጥሩ ወዲያ ታሪክ እየፈጠሩ የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ደግሞ የነርስ ዩኒፎርሜን ለብሼ አውቶቡስ እጠብቃለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ለእናቴ «ነርሲንጉን ትቼ ድርሰትና ትወና ልማር ነው» አልኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «መጻፉስ ይሁን፤ ግን ስለ ምን ልትጽፊ ነው የኔ ልጅ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ስፈልግ ነው የዶክተር አብርሃም ቨርጊስን ሕይወት ማጥናት የጀመርኩት።

ከአዲስ አበባ እስከ ስታንፎርድ

ዶክተር አብርሃም እ.ኤ.አ. በ1955 አዲስ አበባ ውስጥ ከሕንዳውያን መምህራን ተወለዱ። ሕክምና መማር የጀመሩትም እዚያው ነበር፤ የ1974ቱ አብዮት ግን ትምህርታቸውን አቋረጠባቸው። ወደ አሜሪካ መጥተው የሕሙማን ረዳት ሆነው ሠሩ፤ የብዙዎቻችን እናትና አባት የሚሠሩትን ሥራ ማለት ነው። ኋላ ሕንድ አገር ማድራስ ሄደው ትምህርታቸውን ጨረሱ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ በቴነሲ፣ ጆንሰን ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም ሆኑ። ያን ጊዜ ለኤድስ ሁነኛ መድኃኒት ገና አልተገኘም። ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄደው የነበሩ ወጣቶች ታመው፣ ወላጆቻቸው ቤት ለመሞት ይመለሱ ነበር። ሐኪሙ ይህን ጉዞ በሳይንሳዊ ጽሑፍ አሳተሙት። ሆኖም የሳይንሱ ቋንቋ የቤተሰቡንም የራሳቸውንም ሐዘን ሊገልጽላቸው እንዳልቻለ ተናግረዋል። ወደ ድርሰት የገፋቸው ይህ ነው። ቋሚ ሥራቸውን ለቀው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ድርሰት ተማሩና በ1991 ተመረቁ። የዚያን ዘመን ትዝታ የሚተርከው «ማይ ኦውን ካንትሪ» በ1994 ታተመ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሆስፒታል የሚጀምረው ልብ ወለዳቸው «ከቲንግ ፎር ስቶን» ደግሞ በ2009 ወጣ። ሕክምናውንም አልተዉም፤ ከ2007 ጀምሮ እዚሁ ቤይ ኤሪያ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ።

ልብ በሉ፤ መጀመሪያ የመጣው ሕመምተኛው ነው፤ ብዕሩ የተከተለው ኋላ ነው።

ትወናስ?

የነርሲንግና የሕክምና ተማሪዎች ከምንለማመድባቸው መንገዶች አንዱ ሕመምተኛ ሆኖ የሚተውን ሰው ነው። ዘዴውን በ1963 ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ዶክተር ሃዋርድ ባሮውስ ናቸው። በአንዱ ልምምዳችን ደረቷን የሚያማት ሴት ሆና የቀረበች ተዋናይት ነበረች። ጥያቄዎቼን አንድም ሳላስቀር ጠየቅኩ። ሲያልቅ ግን፣ «ሁሉንም ጠይቀሽኛል፤ እጄ ሲንቀጠቀጥ ግን አላየሽም» አለችኝ። ወረቀቴ ላይ አቀርቅሬ ነበር። እሷን የሚያጨበጭብላት ተመልካች አልነበረም። ትወናዋ ግን ነገ እውነተኛ ሕመምተኛ ፊት ስቆም ቀና እንድል አስተማረኝ።

ምን ተማርኩ?

አንደኛ፣ የጥበብ ሥራ ዓላማ የሚገኘው ለማን እንደምንሠራው ስናውቅ ነው። «ደራሲ ልሁን» ስል የማስበው ስለ ራሴ ብቻ ነበር።

ሁለተኛ፣ «ይህ እንጀራዬ ነው፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነው» የምንለው ሥራ ራሱ የታሪክ ጎተራ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሥራን መልቀቅ ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም፤ ዶክተር አብርሃምም ለቀዋል። ነገር ግን ሲለቁ የሚጽፉትን ይዘው ነው የወጡት።

እኔ ነርሲንጉን እጨርሳለሁ። ከልምምድ ስመለስ፣ የሕመምተኛ ስምም ሆነ ምስጢር ሳልነካ፣ ያን ቀን ልቤ ውስጥ የቀረውን በአማርኛ አንድ ገጽ እጽፋለሁ። ፊደሌ ይሳሳታል፤ እናቴ ታርምልኛለች። ባለፈው ሳምንት አንዱን ገጽ አንብባ ዝም አለች። ከዚያ የራሷን የመጀመሪያ የሌሊት ሥራ አጫወተችኝ። ያን ታሪክ በሃያ ዓመቴ ገና መስማቴ ነበር።

ለውይይት

፩. ብትጽፉ ወይም ብትተውኑ፣ ዝም ልትሉት የማትችሉት ነገር ምንድን ነው?
፪. ወላጆቻችሁ ስለ ሥራቸው ያልነገሯችሁ ምን አለ? ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ?